ከሚዛኑ በፊት የነበረችው ጥርኝ ውኃ

ደጀ ሰላም እየረገጠ ያደገ ሰው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ተአምረ ማርያም እንደሚተርከው፣ ይህ የቅምር ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው በልቷል። አንድ ቀን ደዌ ያደቀቀው፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኻ መንገድ ላይ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ለመነው፤ አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ የማርያምን ስም ሲጠራበት ልቡ ራራና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ውኃ በሌላ ወገን ተመዘኑ፤ እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍባት ውኃዋ ሚዛን ደፋች።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አውቃለሁ። አንደኛው «ኀጢአትን ያቀልላል፣ ነፍሰ ገዳይን በእፍኝ ውኃ ነጻ ያወጣል» ይላል። ሁለተኛው «የአማላጅነቷን ታላቅነት ያሳያል» ብሎ ይሟገታል። ጠበኞች ይምሰሉ እንጂ የሁለቱም ዐይን የተተከለው አንድ ቦታ ነው፤ ሚዛኑ ላይ። በበኩሌ የታሪኩ ልብ ያለው ከሚዛኑ በፊት፣ መንገዱ ዳር ይመስለኛል።

ዘጌ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ጨምሮ በላዔ ሰብእ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሏል። በቆየው የሥዕል ወጋችን ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዐይኑ እየታየ ይሣላል፤ ክፉው ግን ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዐይን። ታዲያ በላዔ ሰብእ ውኃውን ሲዘረጋ በየትኛው ይሣል? ጥያቄው የሠዓሊ ብቻ አይደለም። ሰውዬው የራራው ደግ ከሆነ በኋላ አይደለም፤ በክፋቱ መሐል ሳለ፣ ሦስተኛ ተለምኖ ነው። ተራኪው ብልኅ ነው። ምሕረት ማድረግ የቅዱሳን ሥራ ነው ብለን እንዳናመልጥ፣ ከሁሉ የከፋውን ሰው መርጦ ውኃውን በእጁ አስያዘው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ም ቢሆን በፍርድ ቀን የሚያነሣው የተራበውንና የተጠማውን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ዕውቀት ስላለኝ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ከሳምንት በላይ ውኃ ጠፍቶ ነበር። በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ የካቲት 15 ማታ፣ አንዲት ጎረቤት ልጇን አዝላ፣ ትንሽ ጀሪካን ይዛ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው፣ ለልጁ አጥሚት መሥሪያ ብቻ» አለችኝ። በርሜሌ እስከ ግማሹ ሙሉ ነበር። «እኛም ጨርሰናል፣ እቴ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ለነገ አያደርስም ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግሥቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ከምእመናኑ ጋር ቆምሁ። የበላዔ ሰብእ ታሪክ መተረክ ጀመረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ታሪክ ስሰማ ራሴን የማስቀምጠው በእሱ ቦታ ነበር፤ ኀጢአቴ ቢበዛም ጥላዋ ያድነኛል እያልሁ። የዚያን ዕለት ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። 78 ሰው አልበላሁም፤ ጥላ የሚያርፍባት ጥርኝ ውኃ ግን የለችኝም።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ ጀሪካኑን ሞልቼ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ሳትቀየም ተቀበለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ማታውኑ ጠላ ሻጯ ሰጥታኛለች» አለች። ጠላ ሻጯ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አይቻት አላውቅም፤ ለጠላዋም ውኃ ያስፈልጋት ነበር።

ተቺ ነህና ፍርድህን ስጥ ብባል እንዲህ እላለሁ፦ ታሪኩ ኀጢአትን አያቀልልም፤ እኛ ግን ውኃዋን አቅልለናታል። ይህን ታሪክ እንደገና ሊሥል የተነሣ ሠዓሊ ባገኝ፣ ሚዛኑን አሳንሶ የተዘረጋውን እጅ እንዲያተልቅልኝ እለምነው ነበር።