ሰብለ ወንጌል የተዋሰችው ዕድሜ

«ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር መጽሐፍ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ያላነበበው እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ በተረከበት ድምፅ ነው። እኔም ከመጽሐፉ በፊት ያገኘሁት ድምፁን ነው፤ ታይዋን ሚሞሪ ካርድ ሳስሞላ ከዘፈኖች ጋር ተጭኖልኝ። ለድሬ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለሌላው ግን፣ ታይዋን ድሬዳዋ ውስጥ ያለ ገበያ ነው፤ ከስልክ እስከ ሽቶ የውጭ ዕቃ የሚሸጥበት።

ዘንድሮ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ይሄ መጽሐፍ የፍቅርን ያህል ስለ ዕድሜም ነው። ሴት በስንት ዓመቷ ምን ይፈቀድላታል? ወንድስ? ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው? ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ የፈቃድ ነገር ቶሎ ይታየኛል። አንድ ሲስተም ውስጥ ማን የትኛውን በር መክፈት እንደሚችል ካላወቃችሁ ሲስተሙን አታውቁትም።

ከሰብለ ወንጌል እንጀምር። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ፣ ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ። ጠያቂው እየሳሳ ይሄዳል፤ የልጅቷ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። በአማርኛ እንዲህ ላለችው ሴት «ቆሞ ቀር» የሚል ስም አለን። ቃሉን አስተውሉት። ያላገባች ሴት አትሄድም፣ አታድግም፣ ቆማለች ነው የሚለው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በዚያው «በቆመችበት» ጊዜ ማንበብ ስትማር፣ ስታፈቅር፣ የተወለደችበትን ቤት ሥርዓት መጠየቅ ስትጀምር ያሳዩናል። ሰው ጊዜዋ አለፈ ባለበት ወቅት ነው ሰብለ ያደገችው። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት ይሄ ነው።

በዛብህም ቢሆን ነፃ አይደለም። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ሚስት አያገባም። የእሷ ገላ የዘር ነው፣ የእሱ ደግሞ የስለት። ጉርምስና የያዛቸው ሳይጠየቁ በተፈረመ ውል ውስጥ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ነገሩ ሲከርር ነው። በዛብህ ተነስቶ መሄድ ይችላል። ተማሪ ነኝ፣ የቤተ ክህነት ሰው ነኝ ብሎ አገር ያቋርጣል፤ ማንም አይገረምም። ለሰብለ እንዲህ ያለ መንገድ የላትም።

መጽሐፉን ከሁሉ በላይ የምወድለት ቦታ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። ይሄን እንደ ማምለጫ ዘዴ ብቻ አይተን እናልፈዋለን። ግን ቆብ ምን እንደሆነ እስቲ አስቡት። ከየሰፈራችን እናቶች ብዙዎቹ የሚመነኩሱት ባል ከሞተ፣ ልጅ ከተዳረ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ነው። ቆብ የጫነች እናት ብቻዋን ገዳም ትሳለማለች፣ ሰው ቤት ታድራለች፣ «የት ነበርሽ?» የሚላት የለም። በሌላ አነጋገር፣ ሴት እንደልቧ የምትንቀሳቀሰው ገላዋን ማንም አይፈልገውም ተብሎ በሚታሰብበት ዕድሜ ነው። ሰብለ መንገድ ለመሄድ እርጅናን ተዋሰች። ወጣትነቷ የከለከላትን በር በአሮጊት ፈቃድ ከፈተችው።

የተዋሰችው ግን አልተመለሰም። በዛብህን የምታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ትመነኩሳለች፤ የውሰት ልብስ የራሷ ሆኖ ይቀራል። ከልጃገረድነት በቀጥታ ወደ ቆብ፤ በመሀል ምንም።

ቅሬታዬም ይሄው ነው። መጽሐፉ ሲጀምር ውድነሽ በጣሙን ሰጥቶን ነበር። ባል እየሞተባት ወንድ የሚፈራት፣ የመጀመሪያ ወጣትነቷ ያለፈ፣ በመጨረሻ ድሃውን ቦጋለ መብራቱን የምታገባ ሴት። የሁለቱ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ ሞቅ ያለው ይመስለኛል። ፍላጎት ከሃያ ዓመት በኋላ እንደማይሞት፣ እንደውም በጥንቃቄ እንደሚበስል ያሳያል። ውድነሽ ግን እናት ከሆነች በኋላ ልጇ ታሪክ ውስጥ ትሟሟለች። ከእሷ በኋላ እንደ እሷ ያለች ሴት ስጠብቅ መጽሐፉ አለቀ።

ክፍተቱ የሐዲስ ብቻ አይደለም። ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በ8 ደረጃ ከፈለ፤ ጎረምሳው ማንነቱን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ከሌላ ሰው ጋር ይቀራረባል፣ ጎልማሳው ለሚቀጥለው ትውልድ ይደክማል፣ አረጋዊው ኑሮውን ወደ ኋላ አይቶ ይታረቀዋል። ካሮል ጊሊጋን ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ደረጃዎች የወንዱን መንገድ የሰው ሁሉ መንገድ እንዳደረጉት ተከራከረች። ሰብለ ለጊሊጋን ጥሩ ምስክር ትሆን ነበር፤ መጀመሪያ ማንነት፣ ከዚያ ፍቅር ብላ አልተራመደችም። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡባት።

ሕጋችንም ዕድሜን በጾታ ሲለካ ኖሯል። መጽሐፉ ከመታተሙ 6 ዓመት በፊት የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ሴቷን 15፣ ወንዱን 18 ዓመት ነበር ያላቸው። ለሁለቱም 18 የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የፌዴራል ሕግ ስለሆነም በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ሕጉ ከስንት ዓመት ጀምሮ ማግባት እንደሚቻል ይናገራል፣ እስከ ስንት የሚለውን አይናገርም። እሱን የሚያስታውሰን ሰፈር ነው። ሠላሳ ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ «መቼ ነው?» የሚለኝ ሰው ከፊታውራሪ መሸሻ ዘመን የቀረ ሰዓት በእጁ ያሰረ ይመስለኛል።

መጽሐፉ የዘለለውን ዕድሜ ለማየት ታይዋን ወርዶ መዞር ይበቃል። በ14 ዓመቴ እዚያ ስገባ «ሚጣ» ነበርኩ፣ ቀጥሎ «ቆንጆ» ሆንኩ፣ አሁን አሁን «እህቴ» በዝቷል፤ እናቴ «ማዘር»፣ አያቴ «እማማ» ነበሩ። ሻጩ አንድ አይቶን የት እንዳለን ይመድበናል። ዞር ብላችሁ ደግሞ ከዕቃው ኋላ የተቀመጠችውን እዩ። ዕድሜዋ ከ40 እስከ 50 ነው፤ ዕቁብ ትሰበስባለች፣ በዱቤ ትሰጣለች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ትከራከራለች፣ ስትፈልግ በሦስቱም ትሰድባለች። የፈታች አለች፣ ደግማ ያገባች አለች፣ አላገባም ያለች አለች። ከእነሱ በፊት የነበሩት በድሮው ባቡር ጅቡቲ ወርደው ዕቃ ሲያመጡ ኖረዋል። መንገድ የወጡት ቆብ ሳይጭኑ ነው። ስም አልወጣላቸውም እንዴ? ወጥቶላቸዋል! ግን ሄደዋል፣ ተመልሰውም መጥተዋል።

የጎጃምን ባላባት ቤት በድሬ ገበያ መለካት ፍርደ ገምድልነት ነው የሚለኝ ይኖራል። መጽሐፉ ስለ መደብ ነው፣ ጉዱ ካሳን ስማ የሚልም አለ። እውነት ነው። ግን መደቡ ሰብለን አንቆ የያዛት በምኗ ነው? በዕድሜዋ እኮ ነው! ድሃ ብትሆን ገና ልጅ ሳለች በዳሯት፣ የትልቅ ሰው ልጅ ስለሆነች አስቀመጧት። ሁለቱም ላይ የእሷ ሰዓት የእሷ አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይሄን አይተው፣ በቆብ አስመስለው ጽፈውልናል፤ ትልቅነታቸው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን መጻፍ የእኛ ዕዳ ይመስለኛል። የ45 ዓመት ሴት፣ ሱቋን ቆልፋ፣ የምትወደውን ሰው ለማየት በራሷ ልብስ አውቶቡስ የምትሳፈር። በመጨረሻው ገጽ ላይም መሞት፣ መመንኮስ የለባትም። በማግስቱ ተመልሳ ሱቋን ብትከፍት ለእኔ በቂ ነው።