የተቀባዩ ድርሻ

ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ የሚመለከት ሰው ድል አድራጊውን በስሙ ይጠራዋል፤ የተዘረረው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ይህችን አጭር ጽሑፍ የማቀርበው ከተዘረሩት ለአንዱ መታሰቢያ ትሆን ዘንድ ነው።

ኮንራድ ኢፍሬይም እ.ኤ.አ. በ1945 በካሪቢያኗ ደሴት በአንቲጓ ተወለደ። በአሜሪካ መድረክ የታወቀው ግን ወላጆቹ ባወጡለት ስም አይደለም፤ «ስፔሻል ዴሊቨሪ» ጆንስ፣ ባጭሩ ኤስ. ዲ. ጆንስ ተብሎ ነው። ቅጽሉ በአሜሪካ ፖስታ ቤት በልዩ መልእክተኛ ፈጥኖ የሚታደል ደብዳቤ መጠሪያ ነበር። ሌሎች በሰጡት ስም እንጀራውን የበላ ሰው ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ አይደለም።

ጆንስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ዛሬ ደብልዩ ደብልዩ ኢ በሚባለው ድርጅት መድረክ ላይ አበባማ ሸሚዙን ለብሶ እየወጣ ታገለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ተሸነፈ። ከቶኒ አትላስ ጋር እየተጣመረ የታገለበት ጊዜ ነበር፤ አትላስ በ1983 የጥምር ሻምፒዮንነቱን ቀበቶ የታጠቀው ግን ከሮኪ ጆንሰን ጋር ሆኖ ነው።

ስሙ ዛሬ ከተነሣ የሚነሣው በአንድ ሽንፈት ነው። ማርች 31 ቀን 1985 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የመጀመሪያው ሬስልማኒያ ሲካሄድ፣ ኪንግ ኮንግ ባንዲ የተባለው ግዙፍ ሰው ከማዕዘኑ ጋር አላትሞ ጣለው፤ ወድቆም ሳለ ተጫነበትና አበቃ። ትግሉ የፈጀው 9 ሰከንድ ብቻ እንደ ሆነ ለሕዝብ ተነገረ። ፊልሙን ሰዓት ይዤ ደጋግሜ ተመለከትሁት፤ ከ20 ሰከንድ በላይ ነው። የተሸናፊው ጊዜ እንኳ ለአሸናፊው ክብር ሲባል ተቆርሶለታል።

አንባቢ «ውጤቱ አስቀድሞ በተወሰነ ትግል፣ የተሸናፊው ሙያ ምኑ ላይ ነው?» ይለኝ ይሆናል። ውጤቱስ በእርግጥ የተወሰነ ነው፤ አወዳደቁ ግን የባለሙያው ነው። ከ400 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ሰው ሲወድቅበት ራሱን ከጉዳት መጠበቅ፣ ባላጋራውንም አለመጉዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኋለኛው ወንበር ላይ ያለው ተመልካች ክብደቱ እንዲሰማው ማድረግ አለበት። በሀገራችን ዘፈን አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ የአውጪው ድምፅ የቱንም ያህል ቢያምር ያለ ተቀባይ ዘፈኑ አይሞቅም። ጆንስም ተቀባይ ነበር፤ የሚቀበለው ግን ዜማ ሳይሆን ዱላ ነው።

የተቀባይነቱን ፍሬ ለመመዘን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ማየት ይገባል። በ1984 መጨረሻ ጆንስ ከአንድሬ ዘ ጃይንት ጋር ተጣምሮ ቢግ ጆን ስተድንና ኬን ፓቴራን ገጠመ። በዚያ ትግል ሁለቱ አንድሬን ጥለው ጸጉሩን ሸለቱት፤ ለዚህ ውርደት ጆንስ አቅመ ቢስ ምስክር ሆነ። ከዚህ የተነሣው ቂም ነው በዚያው ሬስልማኒያ አንድሬንና ስተድን 15,000 ዶላር በተያዘበት ግጥሚያ ያፋጠጠው። ባንዲ ደግሞ ጆንስን በጣለ በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1986፣ በሁለተኛው ሬስልማኒያ የመጨረሻ ግጥሚያ በብረት አጥር ውስጥ ሀልክ ሆጋንን ገጠመ። ሕዝቡ ለሆጋን መስጋት ነበረበት፤ ባንዲ የሚያሰጋ ሰው ሆኖ የታየው ደግሞ እንደ ጆንስ ያሉ ሰዎች በሚገባ ስለ ወደቁለት ነው።

ተቺዎች ስለ ሬስሊንግ ስንጽፍ ቀበቶ መቁጠር ይቀናናል። በዚህ መስፈሪያ ጆንስ በዚያ ድርጅት መድረክ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ነው። እኔ ግን መስፈሪያው ራሱ ጐዶሎ ነው እላለሁ፤ ሁለት ሰዎች የሠሩትን ሥራ ለአንዱ ብቻ ይጽፋልና። በዘመኑ የነበሩ ሕፃናት ከእኛ የተሻለ ሳይፈርዱ አልቀሩም፤ ለጆንስም እንደ ሻምፒዮኖቹ የጎማ አሻንጉሊት ተሠርቶለት ነበርና አብረው ያጫውቱት ነበር።

ጆንስ በኦክቶበር 2008 በትውልድ አገሩ በአንቲጓ በ63 ዓመቱ ዐረፈ። ደብልዩ ደብልዩ ኢ በዝነኞች መዝገቡ ውስጥ ስሙን ያሰፈረው በ2019፣ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ከዘገየው ክብር ይልቅ እኔ የምመኝለት ትንሽ ነገር ነው፤ ያን ትግል የሚያነሣ ሰው ሁሉ 9 ሰከንድ ማለቱን ትቶ፣ ፊልሙን አንድ ጊዜ ባንዲን ሳይሆን ጆንስን እያየ ይመልከተው።