ሰላ ድንጋይ በጠረጴዛ ላይ

የሞዴል ባቡር ሥራ የሚጀምረው ከልኬት ነው። በብዛት የሚሠራበት ልኬት 1 ለ87 ሲሆን፣ በውኑ 87 ሜትር የሆነው ነገር ጠረጴዛ ላይ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የኢትዮጵያን ባቡር ለሚሠራ ሰው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመን ምርጫ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ1 ለ87 ሲሰላ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዚህ የሚቀርበው የገበያ ሐዲድ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለ 16.5ቱን ይፈልጋል። ጠባቡ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ ይታጠፋል፤ ለቤቶቹና ለገደሉ ብዙ ቦታ ይተዋል። ቦታ የሚያጥረው ሠሪ የጥንቱን ቢመርጥ አይጸጸትም።

የሰሜን ሸዋዋ የደጋ ከተማ ሰላ ድንጋይ ግን ባቡር ደርሶባት አያውቅም። ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ ደብረ ብርሃን ደጋ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ባቡር በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ተኩል ቢወጣ እንኳ ይህን ከፍታ ለመጨረስ 60 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በገደሉ ላይ መጠማዘዝ አለበት። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመርም ደጋውን ወደ ላይ ትቶ በምሥራቁ ዝቅተኛ ምድር ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሰላ ድንጋይ ሞዴል «ባቡሩ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ» በሚል ግምት የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው የግምት መስመር በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ግምቱ በሐዲዱ ላይ ብቻ መቆም አለበት። ድንጋዩ፣ ካቡ፣ ጎጆውና ገብሱ እንዳሉ ካልተሠሩ ተመልካች ሐዲዱንም አያምነውም።

ደግሞ ቦታው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ የነበረችው ይህች የደጋ ከተማ ያለችበት ምድር ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተደራረበ ነው። ገበሬው ማሳውን ሲያጸዳ የለቀመው ድንጋይ የማሳው ካብ ይሆናል፤ ያው ድንጋይ የበረቱ አጥር፣ ያው ድንጋይ የቤቱ ግድግዳ ነው። በብዙ አገር የሞዴል ሥራ ቤትና መልክዓ ምድር ለየብቻ ተሠርተው በመጨረሻ ይገጣጠማሉ፤ ቤቱ ከሱቅ በሳጥን ይመጣል፣ መሬቱ ላይ ይቀመጣል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ይህ አሠራር ወዲያው ይጋለጣል። ቤቱ ከቆመበት መሬት የወጣ ስለሆነ የግድግዳውም የመሬቱም ቀለም ከአንድ ቆርቆሮ መጨለፍ አለበት።

ከመሬቱ ቅርጽ እንጀምር። ተራራ ሲባል ወደ ላይ የሾለ ነገር መቆለል የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው። የሸዋ ደጋ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሜዳው ከላይ፣ ጥልቁ ከታች ነው። ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚገበያይበት መሬት ዝርግ ነው፤ ዳር ሲደርስ በድንገት ይቆረጣል። ስለዚህ የጠረጴዛው እግርና አግዳሚ ከመሠራቱ በፊት ገደሉ የት እንደሚወርድ መታወቅ አለበት፤ ባቡሩ ከሚሄድበት ከፍታ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ኮምፔንሳቶ ከተነጠፈ በኋላ ገደል የሚያስብ ሰው መጋዝ ይዞ ከራሱ ሥራ ጋር ይጣላል።

ሙሉውን ከፍታ በልኬቱ እሠራለሁ ማለትም አይሆንም። 1,500 ሜትር በ87 ሲካፈል 17 ሜትር ይመጣል፤ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለው የመኪና መንገድ ዋሻ 600 ሜትር ገደማ ነው፤ በሞዴል ሰባት ሜትር ሊሆን ነው። የሚሠራው አፉ ብቻ ነው። ከአፉ በኋላ ሐዲዱ ወደ ግድግዳው ጀርባ ይገባል፤ ርዝመቱን ባቡሩ እስኪወጣ የሚጠብቀው ተመልካች ራሱ ይጨምርበታል።

ገደሉ ቁልቁል የወረደ አንድ ግድግዳ አይደለም። የእሳተ ገሞራው ፍሳሽ በተለያየ ዘመን ስለተነባበረ ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ያለ ገደል፣ ልሉ ደግሞ ሣር የበቀለበት ተረተር ሆኗል፤ ገደል፣ ተረተር፣ እንደገና ገደል። ለዚህ አጽሙ በካርቶን ጥብጣብ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፤ በላዩ ጄሶ የተነከረ አሮጌ ጨርቅ ይለበጣል። ጨርቁ ሲደርቅ ገደል በሚሆነው ቦታ ጄሶ በወፍራሙ ይደረባል። ጄሶው ግማሽ ጠጥሮ፣ ጥፍር ሲጫነው ምልክት የሚቀበልበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ በቢላ ጀርባ ከላይ ወደ ታች እየተሰነጠቀ፣ እዚህም እዚያም እየተፈነቀለ የዓምድ ቅርጽ ይሰጠዋል። ጥቁር ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ ባለ ብዙ ጎን ዓምድ ይሆናል፤ መስመሩ ቁም ነው። አግድም የተሠመረ ገደል የሌላ አገር ገደል ነው። ጄሶ በብዛት በጥብጦ ሁሉንም ገደል በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚቸኩል ሠሪ ግማሹን ባልዲው ውስጥ ደርቆ ያገኘዋል።

ለአፈሩ ከእውነተኛ አፈር የተሻለ የለም። አፈሩ በምጣድ ላይ ታምሶ ይደርቃል፤ እግረ መንገዱን ነፍሳቱም ያልቃሉ። ከዚያ በተለያየ ወንፊት ይነፋል፤ ደቃቁ መንገድና ግቢ፣ መካከለኛው እርሻ፣ ሻካራው የገደል ሥር ይሆናል። ከመነስነሱ በፊት ግን ማግኔት በወረቀት ተጠቅልሎ በአፈሩ ውስጥ ደጋግሞ ይዞራል። ከጥቁር ድንጋይ የተገኘ አፈር ማግኔት የሚስበው ጥቁር ደቃቅ ስላለው፣ ይህ ሥራ ከተዘለለ ደቃቁ በባቡሩ ሞተር ማግኔት ላይ ተለጥፎ ሞተሩን ይገድለዋል። ወረቀቱ ሲገለጥ የሚራገፈው ጥቁር ዱቄት መብዛቱ መጀመሪያ የሠራውን ሁሉ ያስደነግጣል። አፈሩ ከተነሰነሰ በኋላ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውኃ ይርሳል፤ ቀጥሎ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሦስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ በሲሪንጅ ይንጠባጠብበታል። ሳሙናው ካልገባ ጠብታው እንደ ሜርኩሪ እየተንከባለለ አፈሩን ያጎደጉደዋል። አፈሩ ሲደርቅ ከመጀመሪያው ትንሽ ይጠቁራል፤ ይህን አስቦ ነጣ ካለው መነሣት ይሻላል።

ቤቱ ላይ እጅ መዘግየት አለበት። የደጋው ክብ የድንጋይ ቤት 6 ሜትር ስፋት ቢኖረው ሞዴሉ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው ግድግዳ 7 ሚሊ ሜትር ነው። የግድግዳው ውፍረት የሚታየው በሩ ላይ ነው፤ በሩ ወደ ውስጥ ጠልቆ ጥላ ካላዘለ ቤቱ የወረቀት ኩባያ ይመስላል። ካርቶን በጣሳ ላይ ተጠምጥሞ ክቡ ይወጣል። ድንጋዩ የሚሠራው ከእንቁላል ካርቶን ነው፤ ሻካራ ፊቱና አመድማ ገላው ከወዲሁ ድንጋይ ይመስላል። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እየተቆራረጠ፣ ማዕዘኑ ሳይሞረድ፣ ከመሠረቱ ወደ ላይ አንድ በአንድ በኮላ ይለጠፋል። ትልልቁ ከታች፣ ረዣዥሙ በበሩ መቃን ግራና ቀኝ፣ ስንጥሩ በመሐል። ግንበኛ የታችኛውን መጋጠሚያ በላይኛው ድንጋይ ሆድ ይሸፍናል፤ ሞዴል ሠሪም ይህን ከዘለለ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅ ግድግዳው የሚፈርስ ይመስለዋል። ለአንድ ቤት ብዙ መቶ ድንጋይ ይፈጃል፤ ሁለት ምሽት ነው። ከድንጋዩ መሐል የሚገባው ጭቃ ያው የግቢው ደቃቅ አፈር በኮላ ተለውሶ ነው።

ጥቁር ድንጋይ ጥቁር የሚሆነው ሲፈለጥ ብቻ ነው። ዝናብና ፀሐይ የቆየበት ግራጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይዛገበታል፣ የድንጋይ ሽበትም ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይጥልበታል። ስለዚህ መጀመሪያ መካከለኛ ግራጫ ይቀባል፤ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም ወደ ስንጥቁ እንዲሰርግ ይፈስበታል፤ በመጨረሻ ብሩሹ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ ሲል፣ በቀረው ነጣ ያለ ቀለም የድንጋዩ ጠርዝ ብቻ ይታበሳል። ካቡም ገደሉም ይህንኑ ቀለም በዚሁ ሰዓት ይጠጣሉ። የጨለማ ቀለም በትንሽ ነገር ላይ ከውኑ ይልቅ ስለሚከብድ ሁሉም ከእውነተኛው ትንሽ መንጣት አለበት።

ለክዳኑ ሠሪው ጭድ ያምረዋል፤ ግን አንድ የጤፍ ጭድ በዚህ ልኬት ከውኑ ሣር እጅግ ይወፍራል፤ ጣሪያው የእንጨት ክምር ይመስላል። የሚሻለው የቃጫ ገመድ ነው። ገመዱ ተፍታቶ፣ ተበጥሮ፣ በጣት ወርድ ተቆርጦ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ጉልላቱ እየተደራረበ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ክፈፉ በመቀስ ይከረከማል። በውኑ በመንዝና በአካባቢው ለክዳን የሚመረጠው ጓሳ የተባለው ሣር ነው፤ የመንዝ ሕዝብ የጓሳውን መሬት ቄሮ በሚባለው የጋራ ሥርዓት ለዘመናት ዘግቶ እየጠበቀ፣ በተፈቀደ ጊዜ ብቻ ያጭደው ነበር። አዲስ ጓሳ ወርቅማ ነው፤ ሲከርም አመድ ይመስላል። ከውስጥ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ወደ ጉልላቱ አካባቢ ያጠቁረዋል፤ ለዚህ የምጣድ ሥር ጥቀርሻ በደረቅ ብሩሽ መንካት ከየትኛውም ቀለም ይበልጣል።

ዛሬ አብዛኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ሞዴሉም ከሣር ይልቅ ቆርቆሮ ይበዛበታል። የቆርቆሮ ሞገድ በውኑ 7.6 ሴንቲ ሜትር ይራራቃል፤ በ1 ለ87 ከ0.9 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቅ ከሱቅ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም። የወጥ ቤት ፎይል በጫማ ጎማ ላይ ተዘርግቶ ቡሎኑ ተጭኖ ሲንከባለልበት ሞገዱ ይወጣል። የቡሎን ጥርስ ዘንበል ያለ ስለሆነ ሞገዱም ከፎይሉ ጠርዝ ጥቂት ይዘምማል፤ ስለዚህ ፎይሉ ሲቆረጥ ጠርዙን ሳይሆን ሞገዱን ነው መከተል። አንዱ ቆርቆሮ 10 በ23 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለየብቻ ይቆረጣል፤ ከክፈፉ ወደ ላይ እየተነባበረ ይለጠፋል። አንድ ሁለቱ አዲስ፣ አንዱ ጨርሶ የዛገ፣ የቀሩት የደበዘዙ ቢሆኑ ጣሪያው ዕድሜ ያወጣል። በላዩ ጥቂት ድንጋይ ይጫናል፤ የደጋ ነፋስ ቆርቆሮ ይነቅላል። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ የሞዴል ባቡሩን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የሞተው ጆን አለን በዓለም የታወቀበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ሞዴል ከፋብሪካ እንደወጣ የሚያብለጨልጭ ሳይሆን ያረጀና የተሠራበት እንዲሆን ማድረግ።

የባቡር ጣቢያው የተለየ ሕግ አለው። በዚህ ምድር ላይ እንግዳ ነውና እንግዳ መምሰል ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራው የአዲስ አበባው ለገሃር ለአንዲት የደጋ ከተማ ይበዛል፤ የሚስማማው የትናንሽ ጣቢያዎች ዓይነት፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሞዴል 14 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቤት ነው። ድንጋዩ እዚሁ የተፈለጠ ቢሆንም ቀጥ ባለ መስመር የተጠረበ፣ መስኮቱ እኩል የተራራቀ፣ ማዕዘኑ በክር የተለካ ይሁን። ክቡና ጎርበጥባጣው የሰፈር ቤት ከቀጥታው ጣቢያ ጎን ሲቆም ባቡሩ ከሌላ ቦታ እንደመጣ ያለ ጽሑፍ ይታወቃል። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት አግዳሚዎች በጥንቱ መስመር ብረት ስለነበሩ የዛገ ቡናማ ይቀባሉ፤ የተነጠፈው ጠጠር ግን የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ዛፉ ብዙ አያነጋግርም። ባሕር ዛፍ ቀጭን፣ ቀጥ ያለና ቅጠሉ ከላይ የተሰበሰበ ነው፤ 20 ሜትሩ 23 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆንና ቤቱን ስለሚያሳንሰው ወደ 15 ቢያጥር ይሻላል። ጽድ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ጥቅጥቅ ይበል። የደረቀ የጦስኝ ግንድ ቁጥቋጦና ያረጀ ዛፍ ለመሥራት የተፈጠረ ይመስላል፤ ቅጠሉ የተፈጨ ስፖንጅ ነው። ቀለም ከመገዛቱ በፊት ወቅቱ ይመረጥ፤ የመስከረም አረንጓዴና የታኅሣሥ የገብስ ነዶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙም።

የመንዝ በግ በዚህ ልኬት አንድ የስንዴ ፍሬ ያህላል፤ ፍሬውም በኮላና በቡናማ አፈር ተለብጦ፣ ከሽቦ እግር ተሠርቶለት በግ ይሆናል። ቫርኒሽ ካልተቀባ በዓመቱ መንጋው ነቀዝ ያነሣል። ከውጭ የሚመጡት ትንንሽ የሰው ምስሎች ባለ ባርኔጣ አውሮፓውያን ናቸው፤ ባርኔጣው ተሞርዶ፣ በኮላ ውኃ የራሰ የሶፍት ቁራጭ ሲጣልባቸው ጋቢ ይለብሳሉ። አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ሁሉም ባቡሩን የሚያዩ ከሆነ ግን ጣቢያው ባዳ ይሆናል፤ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ በጉን ይንዳ።

የመጨረሻው ሥራ ጽዳት ነው። ሐዲዱ ላይ የተንጠባጠበ ኮላ ኤሌክትሪኩን ስለሚያቋርጥ የሐዲዱ ራስ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይወለወላል። ማግኔቱ አንድ ጊዜ እንደገና በመስመሩ ላይ ይሄዳል። ከዚያ ረጅሙ ፉርጎ በእጅ እየተገፋ ከዋሻው አፍ እስከ ጣቢያው ክፈፍ ይሞከራል፤ የሚነካው ድንጋይ ካለ ካቡ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ባቡሩም በዝግታ ይለቀቃል።