የሚጥል በሽታን በቪዲዮ መለየት፦ ማሽኑ የማያየው

የሚጥል በሽታ በአብዛኛው የሚለየው በዓይን ምስክር ቃል ነው። ሕመምተኛው በሽታው ሲጥለው የሆነውን አያውቅም፤ ቤተሰቡም በድንጋጤ ያየውን አዛብቶ ሊናገር ይችላል። ስለሆነም በስልክ የተቀረጸ ምስል ጠቃሚ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. «ጃማ ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናትም ባለሙያ ሲመለከተው ምርመራውን እንደሚያግዝ አሳይቷል። እንደ ፊንላንዱ «ኔሊ» ያሉ ሥርዓቶች ደግሞ ምስሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይተነትናሉ።

ሆኖም ዘዴው ሊተች የሚገባው ጎን አለው። ማሽኑ በተሻለ የሚለየው ጎልቶ የሚታይ መንፈራገጥን ነው፤ ለአፍታ ፈዝዞ የሚመለስን ሕፃን ሊያልፈው ይችላል። የሚሠለጥነውም በአብዛኛው በሆስፒታል አልጋ ላይ በተቀረጸ ምስል ነው። በከሚሴ ዙሪያ ባለ የገጠር ቤት ግን ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ጎረቤት ይከባል፤ ክብሪት ጭሮ የሚያሸትም አይጠፋም። ቀረጻው የሚጀመረው ሕመምተኛው ከወደቀ በኋላ ስለሆነ የሕመሙ አነሣሥ ይቀራል። በዚህ የተነሣ በሌላ ምክንያት ራሱን የሳተ ሰው ለዓመታት ያለ አግባብ ፌኖባርቢታል ሊወስድ ይችላል።

ሌላው ነጥብ የሕክምናው ክፍተት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካሂደው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሽታው ከ1,000 ሰዎች በ5.2ቱ ላይ ሲገኝ፣ ተገቢውን መድኃኒት የወሰዱት ከሕመምተኞቹ 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ካልተገኘ በሽታውን መለየት ብቻውን ፈውስ አይሆንም።

ስለዚህ አስቀድሞ ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛ፤ ምስሉ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ይቀረጽ፤ ባለሙያውም ቤተሰቡን በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ ይጠይቅ። የማሽኑ ግምት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይገባም።