ሁለቱ ባትሪዎች እኩል ይሥሩ

ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ያደረ አይሱዙ ጠዋት አልነሳ ሲል ሾፌሩ መጀመሪያ የሚያማው ብርዱን ነው። ብርዱ በእርግጥ ድርሻ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ የባትሪ የማስነሳት አቅም በሲሶ ያህል ይቀንሳል። በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ይሁንና ጤነኛ ባትሪ ይህን ይችለዋል። በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያዬ እንዳየሁት ውርጩ የሚጥለው ከጎንደር ሳይወጣ የታመመውን ነው።

በሽታው ብዙ ጊዜ ከአንዲት ቀጭን ሽቦ ይጀምራል። አይሱዙው 24 ቮልቱን የሚያገኘው ተያይዘው ከተቀመጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ነው። ቴፑ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ በጥምቀት ሰሞን የሚጫነው ድምፅ ማጉያ ግን በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። አቋራጩ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሽቦ መሳብ ነው። ሥራው ጊዜ አይወስድም፤ ቴፑም ወዲያው ስለሚዘፍን ባለመኪናው ተደስቶ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ያ ባትሪ ብቻውን ይጎድላል፣ ጓደኛው ሙሉ እንደሆነ ይቆያል። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ወደ 28 ቮልት የሚጠጋ ለሁለቱ በአንድነት ይሰጣል እንጂ የትኛው እንደጎደለ አይለይም፤ በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነውና። ሙሉው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው እየፈላ ያልቃል። ክዳኑን ስከፍት ፕሌቶቹ ከውሃው በላይ ቀርተው አገኛቸዋለሁ። የጎደለው ደግሞ መቼም ስለማይሞላ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። አንዱ በጥጋብ፣ ሌላው በረሃብ ይሞታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ቴስተሩን ከዳር እስከ ዳር አድርጎ 24.8 ቮልት ሲያነብ «ደህና ነው» ይላል። ለየብቻ ሲለኩ ግን አንዱ 12.7፣ ሌላው 12.1 ሊሆን ይችላል። ሙሉ ባትሪ አድሮ 12.6 ገደማ ማሳየት አለበት፤ 12.1 ግማሹ እንኳ እንደሌለ ይናገራል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሳይ ባትሪ ከመቀየሬ በፊት ያቺን ሽቦ እፈልጋለሁ።

ባትሪውን የማያምን ሾፌር ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያድርና ጠዋት ለቆ በማርሽ ያስነሳል። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ይህን ሲያደርጉ ሳይ ልቤ ይርዳል፤ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ የፍሬኑ አጋዥ በቂ ጉልበት የለውምና።

መፍትሔው 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው፤ ከሁለቱም ባትሪ እኩል ይወስዳል። ባትሪ ሲቀየርም ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ይቀየሩ። የአንዱ ዋጋ እንኳ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን አዲሱን ከአሮጌ ጋር ማጣመር አዲሱንም ቶሎ መግደል ነው። ቴፕ ልታስገቡ ስትሄዱ ሠራተኛውን «12 ቮልቱን ከየት ነው የምትስበው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአንዱ ባትሪ ካላችሁ አታስነኩት።