የማይጠየፍ ከተማ፦ ዲጂታል ጡብ፣ መጪው ዘመን እና የሐረጎ ቁልቁለት

ኢንተርኔት ላይ በዲጂታል የሌጎ ጡብ ከተሠሩት የመጪው ዘመን ከተሞች አንዱን ያየ፣ አብዛኞቹን እንዳየ ይቁጠረው። ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ሁልጊዜ ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። ፎቆቹ ከምስሉ ጫፍ አልፈው ይሄዳሉ፣ በመካከላቸው በራሪ መኪና ይሽሎከሎካል፣ ሐምራዊ የኒዮን መብራት እርጥብ አስፋልት ላይ ይተኛል፣ ጥግ ላይ ጃፓንኛ የተጻፈበት የኑድል መሸጫ አለ። ሠሪው ሳምንታት ለፍቶበታል፤ መስኮቶቹን ብቻ ብትቆጥሩ ይደክማችኋል። ላይክ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ያያችሁት ከተማ የት ነው ብትባሉ ግን መልስ የላችሁም፤ የትም አይደለማ!

ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ችሎታማ ሞልቷል። ችግሩ ያለው ምን ይግባ፣ ምን ይቅር በሚለው ምርጫ ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች ስንመዝን «ስንት ጡብ ፈጀ?» ከማለት ይልቅ ሌላ ጥያቄ ብንይዝ ይሻላል፦ ይህ ከተማ ምንን ይጠየፋል? ጥያቄውን የምናገኘው ከደሴ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ትልቁንም ትንሹንም የሚያስተናግድ፣ ማንንም የማይንቅ ማለት ነው። ለአንድ ሕንፃ ከዚህ የበለጠ ትልቅ ስም ማውጣት ይከብዳል። ለአንድ ከተማም እንዲሁ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጄምስ ጄሲማን የተባለ አውስትራሊያዊ ኤልድሮው የሚባል ፕሮግራም ሠራ፤ የሌጎን ክፍሎች አንድ በአንድ በኮምፒውተር ስሎ ያስገጣጥማል። ሰውየው በ1997 በወጣትነቱ ሞተ። የክፍሎቹን ክምችት ግን አፍቃሪዎቹ ያለ ክፍያ እያሰፉት እስከ ዛሬ ዘልቋል። አሁን ብዙዎች የሚጠቀሙበት ስቱዲዮ የተባለው የብሪክሊንክ ፕሮግራም ነው፤ እሱም በነፃ ይገኛል። ጡቡን በማውስ ትጎትታላችሁ፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ይገጥማል። ስትጨርሱ ሬንደር ታደርጉታላችሁ። ፕሮግራሙ ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ ፎቶግራፍ የመሰለ ምስል ያወጣላችኋል።

ለእኛ አገር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እውነተኛው ሌጎ ውድ ነው፤ ገበያችን ላይም እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኞቻችን ያደግነው በጭቃ ቤት፣ በሽቦ መኪናና በቆርኪ ጎማ ነው። አራተኛው ቆርኪ ካልተገኘ መኪናው አይሄድም። ዲጂታሉ ጡብ ግን አያልቅም፤ አንድ ላፕቶፕ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮፐንሃገን ካለው እኩያው እኩል ጡብ አለው። ስጦታው ይሄ ነው። ወጥመዱም ይሄው ነው። የማያልቅ ነገር የያዘ ሰው መምረጥ ይረሳል። መቶ ፎቅ መደርደር ኮፒ-ፔስት ነው፣ ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህ መቶ ፎቅ ይደረደራል። በልክ መሥራት ምን እንደሚያፈራ የወሎ ሰው ከሙዚቃው ያውቀዋል፦ ባቲም አምባሰልም የቆሙት በአምስት በአምስት ድምፅ ነው።

ጡቡ ራሱ ግን ከሠሪዎቹ ይልቅ ጨዋ ነው። የአሁኑ ቅርጹ ዴንማርክ ውስጥ የባለቤትነት ማመልከቻ የገባለት እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 ነው። በዚያ ዓመት የተመረተ ጡብ ዛሬ ከተመረተው ጋር ይገጥማል። ከጉብታ እስከ ጉብታ 8 ሚሊ ሜትር፤ ይኸው ነው ሕጉ። አሮጌው አዲሱን አይገፋም፣ የቤተ መንግሥቱ ጡብ የጎጆውን አይንቅም። ስምንት ጉብታ ያላቸው አንድ ዓይነት ስድስት ጡቦች ብቻ ቢሰጧችሁ በ915,103,765 መንገድ ልታገጣጥሟቸው ትችላላችሁ። ጡቡ አይጠየፍ ነው። ታዲያ በእሱ የሚሠራው ከተማ ለምን ይጠየፋል?

አንዱ ምክንያት ከፊልም የተወሰደ የተሳሳተ ትምህርት ነው። ሌሊቱ፣ ዝናቡና ኒዮኑ በአብዛኛው የመጡት እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣው የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» ነው። ኮራጆቹ መብራቱን ወሰዱ፤ ፊልሙ የተሠራበትን ሐሳብ ግን ተዉት። የዚያ ፊልም ከተማ አዲስ ከተማ አይደለም። ንድፉን ያወጣው ሲድ ሚድ ያደረገው ነገር፣ አሮጌ ሕንፃዎች ሳይፈርሱ በላያቸው ላይ ቱቦ፣ ገመድና ማሽን እየተቀጠለባቸው ሲኖሩ ማሳየት ነው። ከፊልሙ የማይረሱት ክፍሎች የተቀረጹበት ብራድበሪ ሕንፃ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1893 የተከፈተ ነው። የመጪው ዘመን ልብ ውስጥ ያስቀመጡት የአያት ቤት ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከራሱ ከዲጂታል ጡብ ዓለም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ዘ ሌጎ ሙቪ»። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ በሚባል ደረጃ በኮምፒውተር የተሠራ ሆኖ ሳለ ተመልካች እውነተኛ ፕላስቲክ መስሎት ተከራከረ። ምስጢሩ ምን ነበር? ባለሙያዎቹ እያንዳንዱ ጡብ ላይ ጭረት፣ አቧራና የጣት አሻራ ጨመሩበት። አንድን ዲጂታል ነገር እውነት ያስመሰለው ጉድለቱ ነው። የተነካ፣ የተያዘ፣ የተኖረበት ነገር። የብዙዎቹ የኢንተርኔት ከተሞች ጡብ ግን ከፋብሪካ አሁን እንደወጣ ያብረቀርቃል። ማንም አልኖረበትም።

ሦስተኛው ምክንያት መሬት ነው። ፕሮግራሙን ስትከፍቱ የሚጠብቃችሁ ለጥ ያለ ባዶ ሜዳ ነው። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ለጥ ያለ ነው። እዚህ ላይ ነው ደሴና ኮምቦልቻ ፈተና የሚሆኑት።

እስቲ እናስላ። የሌጎ ሰውዬ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱን እንደ 1 ሜትር ከ60 ሰው ብንቆጥረው ልኬታችን አንድ ለአርባ ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፤ በጡብ 15 ሜትር፣ ማለትም ከ1,500 በላይ ጡብ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ማለት ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ይዘረጋል። በእውነተኛ ጡብ ይህን ማሰብ እብደት ነው። በዲጂታል ግን ይቻላል፤ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም እንዲያውም ይሄ ይመስለኛል። ከማማ በፊት መሬትን መሥራት ያስችላል።

መሬቱን የሠራ ሰው ደግሞ ከተማው ራሱ ይመጣለታል። ደሴ ከጦሳ ሥር ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ለሌላው በር ትይዩ ይሆናል፣ ያለ ደረጃና ያለ ድጋፍ ግንብ ሰፈር የለም። ከአዝዋ ገደል ቁልቁል ብታዩ ጉሙ ቤቱን ሲውጥና ሲተፋ ታያላችሁ፤ የምን ሰው ሠራሽ ጭስ! ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ትወርዳላችሁ፤ ደሴ ላይ የለበሳችሁትን ጃኬት ኮምቦልቻ ላይ ታወልቁታላችሁ። ታች ፋብሪካው አለ፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋ የባቡር ሐዲድም አለ። ለዓመታት መደበኛ ባቡር ሳያልፍበት የቆየ ሐዲድ ከየትኛው ሳይንሳዊ ልብወለድ ያንሳል?

ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1927 «ሜትሮፖሊስ» ላይ ከተማን ለሁለት ከፈለው። ላይ ባለጸጎቹ፣ ታች ሠራተኞቹና ማሽኖቹ። ከዚያ ወዲህ ሳይ-ፋይ ይህን ክፍፍል ሲደግመው ኖሯል። የእኛዎቹ ሁለት ከተሞችም አንዷ ላይ አንዷ ታች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ግን ጥላቻ ሳይሆን ሚኒባስ ነው። ጠዋት ወርዶ ማታ የሚወጣ ሰው አለ፣ ዘመዱ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው አለ። ቦርከና ደግሞ ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ላይ የተጣለ ቆሻሻ ታች ይደርሳል። ይህን አንድ ወንዝ በትክክል የሠራ ሰው አንድ መቶ በራሪ መኪና ከሠራው ይልቅ ስለ መጪው ዘመን ብዙ ነግሮናል።

ደሴ ከሰማይ ጋር የቆየ ጉዳይ እንዳላትም አንርሳ። ሲነገር እንደኖረው አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አዩ፣ ደስ ብሏቸውም ቦታውን ደሴ፣ «ደስታዬ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1882 የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። አፈ ታሪክም ይሁን፤ ሰማይ አይቶ መሬት ላይ ከተማ የሚቆርቁር ሰው ታሪክ ያላት ከተማ፣ የሕዋ ቅዠት ከሌላ አገር መበደር የለባትም።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳይመስላችሁ፣ የራሱን ቦታ ይዞ የሠራ ሰው አለ። ኮንጎዊው ቦዲስ ኢሴክ ኪንጌሌዝ በካርቶን፣ በወረቀትና በተጣለ ማሸጊያ የመጪውን ዘመን ከተሞች ሲሠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው ግን የተወለደባትን መንደር ኪምቤምቤሌ ኢሁንጋን ነው፤ መንደሩን ማማና ስታዲየም ያላት ከተማ አደረጋት። ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን ለብቻቸው አሳየ። በእኛም አገር ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በዳንኤል ታደሰና በሰላም ተስፋዬ ተዋናይነት የሠራው የ2015ቱ «ክረምስ» አለ። ከዓለም ፍጻሜ በኋላ ተራ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ውድ ቅርስ የሚታይበት ፊልም ነው። ፊልሙ ዳሎልን ዳሎል አድርጎ ነው የተጠቀመበት። እንደኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ባዶ መሬታችንን ወደደው እንጂ ከተማችንን አላየውም። የኢትዮጵያ መጪ ዘመን በረሃ ብቻ ከሆነ ሰዉ የት ሊኖር ነው?

ጨዋታ ነው ብላችሁ የምታልፉት ነገር እዚህ ላይ ጨዋታነቱ ያበቃል። የሳይ-ፋይ ከተሞች ፍርስራሽ ይወዳሉ፤ የተቃጠለ ግድግዳ፣ የተሰበረ መስታወት፣ ባዶ ፋብሪካ ለድምቀት ይገባሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ሙዚየም ተዘርፏል፣ ፋብሪካ ባዶ ቀርቷል። ይህን ያየ ልጅ ፍርስራሽን ለጌጥ አይሠራም። ከሠራም ቀጥሎ የመጣውን ይጨምርበታል፤ መስታወት የሚገጥመውን፣ በር የሚበይደውን፣ ሱቁን እንደገና የሚከፍተውን ሰው።

ሌላኛው ጽንፍም አለ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች በተስፋፋው የኮሪደር ልማት ዘመን፣ ከግንባታ በፊት የሚለጠፉ ባለሦስት አቅጣጫ ምስሎችን ለምደናል። መንገድ መስፋቱ፣ እግረኛ መሄጃ ማግኘቱ መጥፎ ነው የሚል የለም። እኔ የማወራው ስለ ምስሉ ነው። መስታወት፣ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ ጥቂት ቦርሳ የያዙ ነጭ ለባሾች። ጀበናዋን ይዛ የተቀመጠችው ሴት የለችም። ሊስትሮው የለም። ባጃጅ የለም፣ ጉልት የለም፣ የዛገ ቆርቆሮ የለም። ይህ ምስል ከኒዮኑ ከተማ ጋር ወንድማማች ነው፤ አንዱ ሌሊት፣ አንዱ ቀን፣ ሁለቱም ይጠየፋሉ። ልዩነቱ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ በነፃ ፕሮግራም ሌላ ምስል መሥራት የሚችል ወጣት በእጁ የያዘው መጫወቻ ብቻ አይደለም። «እንዲህም ሊሆን ይችላል» ብሎ ማሳየት የሚችልበት ቋንቋ ነው።

ደሴንና ኮምቦልቻን በጡብ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። እሱ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ማማውን አይደለም። ክረምት ሲገባ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ በየት በኩል እንዲያልፍ እንዳደረገው አያለሁ። ደረጃው ላይ አሮጊቷ አረፍ የምትልበት ቦታ አስቀምጦ እንደሆነ አያለሁ። በጠፈር መርከቡ ማረፊያ አጠገብ አዛኑም ደወሉም ቦታ አግኝተው እንደሆነ አያለሁ። አይጠየፍ አዳራሽም ይኑርበት፣ በላዩ የሶላር ፓነል ተቀጥሎበት፣ በሩ ክፍት ሆኖ። እነዚህን ካገኘሁ፣ መብራቱን ሐምራዊም ያድርገው፣ አልከራከረውም።