የዴንማርክ ወንበርና ባለቤቱ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ የተቀመጡባቸው ወንበሮች የዴንማርካዊው የሐንስ ቬግነር ሥራዎች ነበሩ። በ1949 የነደፈውን ይህን ሥራ አሜሪካውያን «ወንበሩ» ብቻ ብለው ጠሩት። ዝናውን «ለስካንዲናቪያ መንፈስ» የሚሰጡ ጸሐፍት አልጠፉም፤ መንፈስ ግን እንጨት አይልግም።

ጥበቡን ያበሰለው ትምህርትና ማኅበር ነው። ኮር ክሊንት ከ1924 ጀምሮ በኮፐንሃገን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሪዎቹ ከመንደፋቸው በፊት የሰውን አካልና በየቤቱ ያለውን ዕቃ እንዲለኩ ያደርግ ነበር። የከተማይቱ የቤት ዕቃ አናጢዎች ማኅበርም ከ1927 እስከ 1966 በየዓመቱ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ነዳፊውና ባለ መሮው በአንድ ሥራ ተጣምረው በሕዝብ ፊት ይፈተኑ ነበር።

ይሁንና ከቬግነር ይልቅ ቦርገ ሞገንሰን ሊመሰገን ይገባል። ሞገንሰን በ1942 የዴንማርክ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የቤት ዕቃ ንድፍ ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ በ1947ም «የሕዝብ ወንበር» የተባለውን ጄ 39ን አወጣ። አራት ቀጥ ያሉ እግሮች፣ አንድ ሰፊ መደገፊያ፣ በወረቀት ገመድ የተጎነጎነ መቀመጫ፤ ሌላ የለውም። ጌጡ ልኩ ነው። የታሰበውም ሠራተኛው ቤተሰብ በአቅሙ ገዝቶ ማዕዱን እንዲከብበት ነበር።

ፊን ዩል በ1952 በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት የባለአደራ ምክር ቤትን አዳራሽ ሲያሳምር የዴንማርክ እንጨት የውጭውን ገበያ መያዝ ጀምሮ ነበር። ጄ 39 ዛሬም ይመረታል፤ የሚሸጠው ግን በውድ ዕቃ መደብሮች ነው።